ሰላሳ እና ስልሳ

በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ተማክሮ አፉን ከፍቶ መናገር የተወ መስሏት ነበር። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ያጉተመትማል፤ ባለሱቁ ያልጎመጉማል፤ ቴሌቪዥን ላይ ዜና የምታነበው ሴትዮ እንኳ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ቃሉ ጫፍ ጫፉን አይጥ እንደበላው ወረቀት ሆኖ ነው የሚደርሳት። ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ አለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስትለካና ስትቆርጥ ስለምትውል፣ ድሮም ነገሯ በጥርሷ መሃል ሾልኮ የሚወጣ ነው።

«እማ፣ ስፒሉን ትፊውና አውሪ! ሰው እንዴት በተዘጋ አፍ ያወራል?»

«ኧረ ምንም አልያዝኩም! ይኸው!» ብላ እናት እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ታሳያታለች።

«እንግዲያው ጮክ በይ!»

«ከዚህ በላይ ከጮኽኩማ ጎረቤት ሌባ ገባ ብሎ ይመጣል።»

ልጅቷን ቃሪያ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው። በልጅነቷ ቀጭንና ረዥም ነበረች፤ የነካት ልጅ ሁሉ ደግሞ እያለቀሰ ነበር የሚሄደው። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ሥራ ይዛም ስሙ አልለቀቃትም። እሷም ልትለቀው አልፈለገችም።

የምትሠራው ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሚጠግን ድርጅት ውስጥ፣ የደንበኞችን ስልክ በመቀበል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ። ምንጣፍ የለው፣ መጋረጃ የለው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ግድግዳ እንዳለ መስታወት ነው። አርባ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን እንታዘዝ?» ይላል። ድምፁ ከወለሉ ይነሣል፣ መስታወቱን ይመታል፣ ተመልሶ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መሃል ማዶ ያለው ደንበኛ የሚለውን ለመያዝ ሄድሴቱን ጆሮ ላይ ጫን፣ ድምፁን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ማድረግ ነው። አንዱ ከፍ ሲያደርግ የራሱም አፍ አብሮ ይከፈታል፤ ያኔ ጎረቤቱም ይጨምራል። እንዲህ እየተባለ ከምሳ በፊት አዳራሹ የከብት ገበያ ይሆናል።

የአዳራሹን ተቆጣጣሪ ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ ሴኮንድ» ይለዋል። አንድ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ካለፈ ከወንበሩ ይነሣል፤ አራት ካለፈ መጥቶ ከኋላ ይቆማል። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚጠላው «ይድገሙልኝ» የሚለውን ቃል ነው። «ደንበኛ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሊናገር አልደወለም» ይላል፤ «ጆሮ የተሰጠን ለዚህ ነው።»

ቃሪያ በቀን ስምንት ሰዓት ስትሰደብ ትውላለች። ፍሪጁ የሞተበት ሰው የሚሰድበው ፍሪጁን አይደለም። ሥራ ሲያልቅ የድርጅቱን ሄድሴት አውልቃ፣ ደረጃው ጋ ሳትደርስ የራሷን ኢርፎን ትሰካለች። «ቀኑን ሙሉ ስድብ የጠጣ ጆሮ በዘፈን ካልታጠበ አይነጻም» ትል ነበር። የአውቶቡሱ ሞተር ስለሚያጓራ ዘፈኑን ትጨምራለች። ስልኳ «ድምፅ ከዚህ በላይ ሲጨምር መስማትን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሳታነበው «እሺ» የሚለውን ትነካለች። በሕይወቷ እንደዚያ ማስጠንቀቂያ ቶሎ ብላ እሺ ያለችው ነገር የለም። ቤት ስትሆን የእናቷን የስፌት መኪና ላለመስማት ትሰካለች። ስትተኛ ደግሞ ዝምታውን ላለመስማት፤ ምክንያቱም ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ዝምታው ራሱ ጭው ይል ጀምሯል። ጭውታው የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ነው ብላ አንድ ጠዋት ሄዳ በር ደብድባ ተጣልታለች። ጎረቤቶቹ ፓምፕ አልነበራቸውም።

አንድ ሰኞ ጡረታ የወጡ መምህር ደወሉ። ፍሪጃቸው ቆሟል፤ ውስጡ የባለቤታቸው የስኳር መድኃኒት አለ፤ እባካችሁ ቶሎ ሰው ላኩልኝ አሉ። ቃሪያ አድራሻ ጠየቀች። ሰፈሩን ነገሯት፣ መንገዱን ነገሯት፣ የቤት ቁጥራቸውን ነገሯት። «ስልሳ» ብላ ጻፈች። ጥሪው ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ፈጀ። አቶ ሴኮንድ ከወንበሩ አልተነሣም።

የተላከው ባለሙያ ስልሳ ቁጥርን ሲያንኳኳ የሚከፍት አጣ። ሰው ከለቀቀበት የቆየ ዝግ ቤት ነበር። «ደንበኛ አልተገኘም» ብሎ ተመለሰ። ማክሰኞም እንደዚያው። መምህሩ በበኩላቸው በር በሩን ሲያዩ ሁለት ቀን ዋሉ። መድኃኒቱን ሙቀት አበላሽቶት ይሆናል ብለው ስለፈሩ ባለቤታቸውን መርፌውን ሳይወጓቸው ቀሩ። ረቡዕ ጠዋት ሴትየዋ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ።

ሐሙስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አቶ ሴኮንድ አዳራሹን ሰበሰበ። ጥሪ ሁሉ ይቀዳል። የሰኞውን ቅጂ በድምፅ ማጉያ ከፈተው።

«የቤት ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለ የቃሪያ ድምፅ። መምህሩ መለሱ። አቶ ሴኮንድ ቅጂውን አቆመ።

«ምንድን ነው ያሉት?»

«ስልሳ» አለች ቃሪያ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አቶ ሴኮንድ መልሶ ከፈተው።

«ስልሳ ነው የሚሉት! ምን ያስቃችኋል?»

ሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ ሳቂታ የሚሏት፣ ክንዷን ያዝ አድርጋ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«ሰላሳ ነው የሚሉት። ‹ሰላሳ፣ እንደ ወር ቀን ሰላሳ› ነው ያሉሽ። ሁለቴ ነው የነገሩሽ።»

ቃሪያ ፊቷ ደም ለበሰ። አርባ አንድ ሰው የሰማውን እሷ ብቻዋን አልሰማችም። ያን ለማመን ግን ገና ነበረች።

«ማጉያችሁ ነው የተበላሸው!» ብላ ጮኸች። «ሰውየውም ያጉተመትማሉ! እዚህ አገር አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው የለም!»

ሄድሴቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ወደ ሐኪም የሄደችውም ታምሜያለሁ ብላ አይደለም። «ጆሮዋ ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት አምጥታ አቶ ሴኮንድ ግንባር ላይ ልትለጥፍ ነበር።

የጆሮ ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የደከማቸው የሚመስሉ ሴት ናቸው። ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስቀመጧት፤ ማዳመጫ አጠለቁላት። ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ይህን ቁልፍ ተጫኚ አሏት። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ ቡ፣ ቡ ሲል ተጫነች። ከዚያ ምንም የለም። ጠበቀች። ጭውታውን አዳመጠች። እግሯን አወዛወዘች። የሳጥኑ መስኮት ላይ የሐኪሟ እጅ ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያታል። በመጨረሻ ንዴቷ መጣና በሩን ገፍታ ወጣች።

«ማሽኑ ቆመ እኮ! መቼ ነው የሚቀጥለው?»

«ጨርሷል» አሉ ሐኪሟ።

ወረቀቱን አሳዩዋት። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን መጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል።

«ወፍራም ድምፅ ትሰሚያለሽ። የሄዱብሽ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ‹ሰ›፣ ‹ሸ›፣ ‹ፈ›፣ እነዚህ አይደርሱሽም። ሰው አላጉተመተመብሽም፤ ቃሉ ግማሽ በግማሽ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።»

«እሺ፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«የለውም። ጆሮሽ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ድምፅ ዕለት ዕለት ሲመታቸው ይሞታሉ። የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። የቀረውን መጠበቅ ነው። የመስሚያ መሣሪያም ያግዝሻል።»

«እሱ የሽማግሌ ነው!»

«ጆሮሽም የሽማግሌ ነው» አሉ ሐኪሟ ሳይቆጡ። «በቀን ስንት ሰዓት ታዳምጫለሽ?»

ቃሪያ ቆጠረች። ሥራ ላይ ስምንት። አውቶቡስ ሁለት። ቤት ሦስት። «ስትተኚስ?» «ስተኛም።» ሐኪሟ መጻፋቸውን አቆሙ።

«የቱ ነው ያደነቆረኝ ታዲያ? ሥራው ነው ወይስ ዘፈኑ?»

«እኔ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም፤ ጆሮሽም አይለየውም። ሥራ የዋለ ጆሮ ማታ ማረፍ ነበረበት። ያንቺ ጆሮ ስንት ዓመት ሙሉ አርፎ አያውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ፈልገው እንደማይሆን ትዝ አላቸው መሰል፣ እንደነበረው ቀጠሉ። «ስም አልጠራልሽም። ግን ስልክ ከሚቀበሉ የናንተ ልጆች በዚህ ወር ሦስተኛዋ ነሽ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቃሪያ ያን ቀን ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገብ ከተቀመጠች የምትናከስ መሰላት። በአቶ ሴኮንድ ተናደደች። በስልኳ ተናደደች። በዘፋኞቹ፣ በሴራሚኩ፣ በመስታወቱ ተናደደች። የምትናደድበት የቀረ ሰው ፍለጋ ቤት ስትገባ እናቷ የሕፃን ካፖርት ኮሌታ እየሰፋች ነበር። ነገሩን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ዘረገፈችው።

እናት መኪናውን አቆመች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ። አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ ፈተና ደርሶብሽ፣ ቤቱ አንድ ክፍል፣ መኪናዬ ሲንኳኳ ማንበብ አቃተኝ ብለሽ አለቀስሽ። እኔው ነኝ ኢርፎን ገዝቼ ያመጣሁልሽ። በገዛ እጄ ነው ጆሮሽ ላይ የሰካሁት።» አለቀሰች።

«አታልቅሺ!» ብላ ቱግ አለች ቃሪያ። «የምጣላው ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ አንቺ ደግሞ ቀድመሽ ትወድቂብኛለሽ! ድምፁን እስከ መጨረሻ ክፈቺው ብለሽኛል?»

«አላልኩም።»

«ቀንሺ ብለሽኛል?»

«በቀን ሃያ ጊዜ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ! እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ!»

እናት እንባዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገች፤ ከዚያ የደንበኛ ልብስ መሆኑ ትዝ ሲላት ደንግጣ ዘረጋችው። «መስማቱን ሰምተሽኛል፤ እሺ አላልሽም እንጂ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ። እንዳይመክርሽ ነበር የምለፈልፈው።» ቃሪያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ከእናቷ ጉልበት ጋር አስደገፈች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ቦታ ነው የለወጠው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራች። አቶ ሴኮንድም ተቀምጧል። የሐኪሟን ወረቀት አዩ፤ አዘኑ፤ ውሃ አቀረቡላት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ገፋ አደረጉላት። በገዛ ፈቃዷ ሥራውን ትለቃለች፤ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣታል። ታች ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «የመስማት ችግሬ በግል የማዳመጥ ልማዴ የመጣ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች ጣቷን መስመሯ ላይ አድርጋ።

«እውነት ናት» አለ አቶ ሴኮንድ። «እንዳትቆጪ እንጂ፣ ጠዋት ስትመጪ ዘፈንሽ ከአንቺ ቀድሞ ነው አዳራሽ የሚገባው። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ እንኳ ግጥሙን ይዛዋለች።»

እውነት መሆኑ ነው ያንገበገባት። ውሸት ቢሆን ኖሮ ውሃውን ፊቱ ላይ ትደፋበት ነበር። እውነትን ደግሞ ምን ይደፉበታል? ጥርሷን ነክሳ ወረቀቱን አጠፈች።

«አንብቤ እመልሳለሁ።»

«እዚሁ አንብቢው።»

«ዓይኔም እንዳይደነቁር ቀስ ብዬ ነው የማነበው» ብላ ወጣች።

ሄድሴቷን ልታስረክብ ምድር ቤት ወረደች። እዚያ ከደረጃው ሥር በምትገኝ ክፍል የድርጅቱ ዕቃ ጠጋኝ ይቀመጣሉ። ጋሼ ሽቦ ነው የሚባሉት፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽቦ ሲቀጥሉ የኖሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሄድሴቱን ተቀበሉ፤ ወረቀቱን በእጇ አይተው ተቀበሉና ያችን መስመር አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተቀመጪ እስቲ።»

«አልቀመጥም፤ ጮክ ብለው ይንገሩኝ።»

ጋሼ ሽቦ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «እነዚህ ሄድሴቶች ሲመጡ ልክ ነበራቸው። ድምፁ ከአንድ ደረጃ አያልፍም ነበር፤ ጆሮ እንዳይጎዳ ሠሪው ራሱ ነው ያጠረው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሠራተኛው ‹ይድገሙልኝ› አበዛ፣ ጥሪ ረዘመ ተብሎ ልኩን አንሣ ተባልኩ።»

«አነሡት?»

«አነሣሁት።»

«አርባ ሁለቱንም?»

«አርባ ሁለቱንም። በዚህ እጄ።»

«በቃል ነው ያዘዙዎት?»

«እኔ በቃል ሥራ አልሠራም፤ በጽሑፍ ነው» አሉ ወደ መሳቢያቸው እያዩ። መሳቢያውን ግን አልከፈቱትም። «ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ።»

ቃሪያ ፊት እጅ መንሣትም መሳደብም የሚገባቸው ሰው ቆመዋል። «ጋሼ» አለች፣ «ሕንፃው ውስጥ ፀጥ ያለው የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። እኛ ላይ ቤት ስንደነቁር እርስዎ መሳቢያ ቆልፈው ተቀምጠዋል።» ወረቀቷን ነጥቃ ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ሰላሳ ቁጥር ሄደች። ቁጥሩ በሩ ላይ ክንድ በሚያህል ነጭ ቀለም ተጽፏል። መምህሩ ከፈቱ፤ አጭር፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው።

«ስልሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ግን ፊትዎን ወደ እኔ አድርገው፣ ጮክ ብለው ይናገሩኝ። ጆሮዬ ሞቷል።»

ጮክ በማለቱ በኩል ችግር አልነበረም። መምህሩ አርባ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ የቆጡበትን ድምፅ አወጡት። ሁለት ቀን በር ሲያዩ መዋላቸውን፣ ባለቤታቸውን በጎረቤት መኪና መውሰዳቸውን፣ «ሰላሳ» ማለት ከሕፃንም እንደማያመልጥ እያነሡ ጮኹባት። ቃሪያ ከደጃፉ ሳትነቃነቅ ከንፈራቸውን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከውስጥ፣ ከሆስፒታል ወጥተው ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው የተጋደሙት ባለቤታቸው ተናገሩ።

«ኧረ በቃህ! ደንቆሮ ነኝ እያለችህ ትጮህባታለህ?»

«እንድትሰማኝ ነው የምጮኸው!»

«ግቢ በላትና ተቀምጠህ ጩህባት እንግዲያው።»

ገባች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዘፈኑንም፣ አዳራሹንም፣ የተነሣውን ልክም። ወረቀቱን ስታሳያቸው መምህሩ እንደ ፈተና ወረቀት ራቅ አድርገው ያዙት።

«‹በግል ልማዴ›» ብለው አነበቡ። «ይሄ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው ግማሽ የታለ?»

«እነሱ ጋ ነው ያለው።»

«እኔ አንቺን ይቅር አላልኩም፤ ይቅርታ እንዲህ በአንድ ቀን አይመጣም። ግን አንቺ ተባርረሽ ነገሩ ካለቀ፣ ነገ ሌላዋ ልጅ ሰላሳን አርባ ብላ ትጽፋለች። ነገ ጠዋት ድርጅቱ በር ላይ እገኛለሁ። አንቺም ነይ፤ እንዳትፈርሚ።»

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ ሦስት ገጽ አቤቱታ ይዘው መጡ። አቶ ሴኮንድ ቢሮ ሊያስገባቸው ቢለምናቸውም፣ አዳራሹ መሃል ካልሆነ አሉ። ሥራ አስኪያጁ እየተጣደፈ መጣ።

«ጥፋተኛዋ ተለይታለች፤ እርምጃ እየተወሰደ ነው» አላቸው።

«አዎ፣ ጥፋተኛዋ እዚህ ናት!» አለች ቃሪያ ከኋላቸው። የራሷን ድምፅ ልክ አታውቀውም ነበርና የአዳራሹ ሄድሴቶች የማይሸፍኑት ጩኸት ሆነ። ስልክ የያዘው ሁሉ ዞረ። ወረቀቱን ዘረጋች፤ ከመስመሯ ሥር በእጇ ጽፋበታለች። «ግማሹን ጥፋት እኔ ነኝ የሠራሁት። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ፣ እናቴ እየለመነችኝ፣ ስልኬ እየነገረኝ። እፈርማለሁ! ግን ግማሹን ብቻ ነው የምፈርመው። የሄድሴቱን ልክ ማን እንዳነሣው ጽፋችሁ እናንተም ፈርሙ!»

«ምን ልክ?» አለ አቶ ሴኮንድ። «የምን ልክ ነው የምታወራው? ልጅቷ አእምሮዋም...»

አልጨረሰም። ጋሼ ሽቦ በደረጃው በር ገብተዋል። ደረጃውን በፍጥነት የወጡ ይመስላል፤ ያለከልካሉ። ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ሄደው አንድ የታጠፈ ወረቀት ለመምህሩ ሰጡ። ከመሳቢያቸው ያወጡት ነበር።

መምህሩ በክፍል ድምፃቸው አነበቡት። የማዳመጫዎች የድምፅ ገደብ በአስቸኳይ እንዲነሣ፤ ምክንያት፣ የጥሪ ጊዜን ለማሳጠር። ታች ላይ የአቶ ሴኮንድ ፊርማ፣ ከጎኑም የሥራ አስኪያጁ ማኅተም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቃሪያ ያሰበችበት አይደለም። «ጆሮው ጭው የሚልበት እጁን ያውጣ!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ከዚያ ከመስኮቱ በኩል አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ ማን እንደጀመረ ሳይታወቅ እዚህም እዚያም ይነሣ ጀመር፤ አንዳንዱ እስከ ትከሻው ብቻ፣ እያፈረ። አሥራ ሰባት ሆኑ። ከጆሮዋ እጇ የማይለየው፣ ዓመቱን ሙሉ ስታሻው የከረመችው ሳቂታ ግን ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣብቃ ኮምፒውተሯን ታይ ነበር።

ነገሩ እንደ ተረት አላለቀም። ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። የመምህሩ አቤቱታ ሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ መሥሪያ ቤት ደርሶ፣ ተቆጣጣሪዎች መጥተው አዳራሹን በመሣሪያ ለኩ። የሄድሴቶቹ ልክ ተመለሰ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስታወቱ ላይ መጋረጃ ተደረገ። ሁሉም እንዲመረመር ታዘዘ፤ ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆኑት መሃል አሥራ አራቱ እንደ ቃሪያ ገደል የሚገባ መስመር ይዘው ተመለሱ። ትልቁ ሰላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አቶ ሴኮንድ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ እዚያ የተሻለ ወንበር ነው የተሰጠው የሚሉ አሉ። ጋሼ ሽቦ ሰባት ወራቸውን በቆለፉት በር ኋላ ሳይሆን በተከፈተ በር ጨርሰው ጡረታ ወጡ።

ቃሪያ አልተባረረችም። በጽሑፍ የሚመጡ አቤቱታዎችን እንድትመልስ ተመደበች፤ አሁን ስድቡን የምታነበው ነው። መሣሪያውን በሁለቱም ጆሮዋ ታደርጋለች። «ሰ» ተመለሰላት፤ እንደ ቆርቆሮ እየተንሿሿ ቢሆንም። ዘፈን አልተወችም፤ ድምፁን ከግማሽ በታች አድርጋ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታቆማለች። አልፎ አልፎ ግን ጣቷ ከፍ ሊያደርገው ሲሄድ ትይዘዋለች፣ አንዳንዴም አትይዘውም፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ በራሷ ትናደዳለች። ጭውታው አልለቀቃትም። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሰማው እሱን ነው፤ መጀመሪያ የምትሰድበውም እሱን ነው።

አዳራሹ ሁሉ ደግሞ አላመሰገናትም። ልኩ ከተመለሰ በኋላ ጥሪ ረዘመ፤ «ይድገሙልኝ» በዛ፤ ደንበኛም ድገም ሲባል ስድቡ ይብሳል። «ደህና የነበርነውን እሷ አመጣችብን» የሚሉ ነበሩ። ከሁሉ የባሰችው ሳቂታ ናት። ጠረጴዛዋን ለውጣ ከቃሪያ ራቀች፤ ሰላምታም አቆመች። ምርመራም አልሄደችም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተላለፉ። ሳቂታ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሪያ ደግ ነገር እንዳልሆነ ከፊቷ ገባት።

«አልሰማሁሽም» አለች ቆም ብላ። «ወደ እኔ ዙሪና ስደቢኝ!»

ሳቂታ ሁለት ደረጃ ወረደች።

«እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ! ስድብሽ ባከነ! ዞረሽ ንገሪኝ!»

ሳቂታ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አልሽኝ?» አለች፤ ድምፁ ደርሷት ቃሉ የጠፋባት ሰው ሆና።

ቃሪያ ደሟ ፈላ። ባለፈው ዓመት በራሷ ላይ ያልጮኸችውን ሁሉ፣ እናቷ የለመነቻትን ሃያ ጊዜ ሁሉ፣ አንድ ላይ አድርጋ እስከ ምድር ቤት በሚሰማ ድምፅ ለቀቀችባት።

«ቅዳሜ ክፍት ነው አልኩሽ! የጆሮ ሐኪሟ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራሉ! እስከ ስድስት! ካልመጣሽ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ነው የምጎትትሽ፣ ሰማሽኝ?»